ዘይት የነካ እጅ

ሽቦ ኦክስጅንን የሚያውቀው ሰው ክፉ ጎረቤቱን በሚያውቅበት መንገድ ነው፤ አብሮት ይውላል፣ ሰላምታም አይነፍገውም፣ ጀርባውን ግን አይሰጠውም። ሌላው ሰው ኦክስጅን ሲባል ትንፋሽ ይመስለዋል፤ ጠዋት መስኮት ሲከፈት ሽው ብሎ የሚገባው አየር ይመስለዋል። ለበያጅ እንደዚያ አይደለም። ለበያጅ ኦክስጅን ማለት የሰው ቁመት ባለው ወፍራም ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ፣ ጥግ ላይ በሰንሰለት ታስሮ የሚቆም ነገር ነው። ብረት የሚቆርጠው እኮ እሳት አይደለም። እሳት ብረቱን ፍም እስኪመስል ያግለዋል፣ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ቀላ ሲል ጠብቀው ኦክስጅኑን ሲለቁበት ነው ብረቱ እንደ ደረቅ ሣር ተቀጣጥሎ ራሱን የሚበላው።

ይህን ያስተማረው ታላቁ ነው። ሽቦ ከልጅነቱ ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» እንጂ ሌላ ብሎት አያውቅም። አባታቸው ሲሞት ሽቦ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ስለነበር አባትም ወንድምም የሆነው እሱ ነው። «ሽቦ» የሚለውንም ቅጽል ስም ያወጣለት እሱ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ይጣመማል፣ አይሰበርም ብሎ። ሽቦ ትምህርቱን ጨርሶ ብየዳ ቤት የገባ ዕለት፣ ማጠፊያ በግሪስ ሲቀባበት የዋለውን እጁን የሲሊንደሩን ቫልቭ ለመክፈት ሲዘረጋ፣ ጥፊው ከእጁ ቀድሞ ደረሰ።

«ዘይት የነካ እጅ ወደዚህ አይጠጋም» አለው ወንድም ጋሼ፣ መትቶት ሲያበቃ ራሱ ደንግጦ። «ዘይትና እሱ ከተገናኙ ክብሪት አይፈልጉም። እኔም የለሁ፣ አንተም የለህ፣ ለቅሶ የመጣ ሰውም የሚቀመጥበት ጣሪያ አያገኝ።»

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሽቦ ብዙ ነገር ረስቷል፤ ያችን ጥፊ ግን አልረሳም። ስለዚህ በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ሐኪሟ ወጥታ «አሁን ለወንድምህ ልብ ኦክስጅን ልንሰጥ አስበናል» ስትለው፣ ሽቦ መጀመሪያ ያየው ፊቷን አልነበረም። እጁን ነው ያየው።

እጁ ለምን እንደታየ እንዲገባን ወደ ጠዋቱ መመለስ ይኖርብናል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ነበር። ሁለት ተካፋች ያለው የግቢ በር እየሠሩ ነበር፤ ባለቤቱ ሰባት ሰዓት ላይ በፒክአፑ መጥቼ እጭነዋለሁ ብሏል። ወንድም ጋሼ መዶሻውን አስቀመጠና በብረት ክምሩ ላይ ቁጭ አለ። ቡጢውን ደረቱ ላይ ጫን አድርጎ መሬት መሬት አየ። ምን ሆንክ ሲሉት፣ ሌሊት የተኛሁበት ጎን ነው፣ እንደ ሽማግሌ በአንድ ጎኔ ተኝቼ ነው አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ብየዳ ቤት ላብ ምልክት አይሆንም፤ እዚያ ያላላበው ሰው ነው የሚያስጠረጥር።

ሽቦ የወገብ ቅባቱን ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣ። በቆርቆሮ ያለ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ሲነኩት ግሪስ የሚመስል ቅባት ነው፤ ከባድ ሲያነሡ ለሚይዛቸው ወገብ ሁሉ እሱን ነው የሚቀቡት። የወንድሙን ሸሚዝ ከፍቶ ደረቱን በመዳፉ አሸው። ወንድም ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ «እጅህ ይባረክ» አለ። ቆይቶ ተነሣ። ዳቦውን በላ፣ የሽቦንም ግማሽ በላ። ከዚያ አሥራ አንድ ብረት ቆረጠ፣ የሽቦንም ሥራ ጎንበስ ብሎ አይቶ ይሄ ብየዳ ነው ወይስ የዶሮ ኩስ ብሎ ሰደበው። ሽቦ ስድቡን ሲሰማ ደስ አለው፤ ስድቡ ከመጣ ጤናው ተመልሷል ማለት ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ በሩን ሊጭኑ አንዱን ተካፋች ከነፍሬሙ ሲያነሡ ወንድም ጋሼ ጫፉን ለቀቀ። ብረት ለቆ የማያውቅ ሰው ነው። ከመስቀያ እንደሚወርድ ካፖርት ተጣጥፎ ወረደ። የበሩ ባለቤት ደግ ሰው ሆኖ ተገኘና፣ ያንኑ ተካፋች ጭኖ፣ በሽተኛውን ከፊት አስቀምጦ፣ ሽቦ ከኋላ ብረቱን አቅፎ እየተንገጫገጩ ሆስፒታል ደረሱ። በሽተኛው ሲወርድ በሩም አብሮ ወረደ፣ መኪናውን ለማዞር ስላስቸገረ። ከድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ጋር ተደግፎ፣ ወደ የትም የማያስገባ በር ሆኖ ቀረ።

መግቢያው ላይ እስክሪቢቶ የያዘች ነርስ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው ጠየቀችው።

«ሰባት ሰዓት» አለ ሽቦ።

ቃሉ ከእሱ ቀድሞ ወጣ። ውሸት አልመሰለውም፤ የወደቀው በርግጥ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ግን «ሰባት» ከሚለው ቃል ኋላ «ሦስት» የሚለው ቃል እንደ ባለዕዳ ተደብቆ ቆሞ ነበር፣ ሽቦም ያውቀዋል። ሦስት ካለ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ታዲያ ከሦስት እስከ ሰባት ምን ትሠሩ ነበር? በር እንሠራ ነበር። ደረቱን የያዘ ሰው በር እየሠራ? ቅባት ቀብቼው ነበር። እንዲህ ያለውን መልስ በአደባባይ ከመስጠት ምላስን መዋጥ ይሻላል።

እትዬ፣ የወንድም ጋሼ ሚስት፣ ስልክ ተደውሎላት ከልብስ ስፌት ቤቷ ስትበር መጣች። መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ላይ አልወረደም፣ ቀሚሷ ላይ ቀይና ሰማያዊ ክር ተጣብቆባታል። አላለቀሰችም። አግዳሚው ላይ ከሽቦ አጠገብ ተቀምጣ የሜትሩን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታለች፣ እየፈታች ትጠቀልላለች። ስለ ጠዋቱ ምንም አታውቅም።

ሐኪሟ የወጣችው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲል ነው። አጭር ሴት ናት፤ እንደ በያጅ ሽርጥ ያለ፣ ከዚያም የከበደ የጨረር መከላከያ ሽርጥ ለብሳለች። ሽቦ ሽርጡን ሲያይ ትንሽ ልቡ ረጋ፤ ቢያንስ ከአደገኛ ነገር ጋር የምትውል ሰው ናት። ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ነገረቻቸው። ለልቡ የፊት ክፍል ደም የሚያደርሰው ትልቁ ደም ሥር ተዘግቶ ነበር። በጭኑ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከፍተውታል፣ እንደገና እንዳይዘጋ ደግሞ የሽቦ ወንፊት የመሰለ ትንሽ ነገር ትተውበታል። ነፍሱ አለች። ይናገራል፣ እንዲያውም ብዙ ይናገራል።

«እንግዲያ ተረፈ» አለች እትዬ።

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፣ ግን ነቅንቃ አልጨረሰችም። ብዙ ቀን ውሃ የተቋረጠበትን አትክልት አስቡት አለች። ቧንቧው ዛሬ ቢከፈት አፈሩ ደርቆ፣ ሥሩ ጠውልጎ ወዲያው አይጠጣም። ልብም እንደዚያ ነው፤ ዋናው ደም ሥር ተከፍቶ ሳለ ፀጉር የሚያካክሉት ትንንሾቹ አብጠው ደሙን አላሳልፍ ይላሉ። የልቡ ሥጋ ከፊሉ ሞቷል፣ እሱን ማንም አይመልሰውም። ከፊሉ ግን ራሱን ስቶ ነው ያለው፤ ወይ ይነቃል ወይ ይሞታል። ስለዚህ አዲስ ሕክምና አለ። ከራሱ ደም ጥቂት በማሽን ይቀዱና፣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኦክስጅን ያሟሙበትና፣ በቀጭን ቱቦ ወደዚያው ወደተጎዳው ቦታ ይመልሱለታል። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ባይደረግለትም ይኖራል፤ ግን የልቡ ጉልበት ከስንት ስንት እንደሚቀር አይታወቅም። ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ብረት ማንሣት የማይሆንለት ሰው ሊሆን ይችላል። ቢደረግለት ጉዳቱ ያንሳል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። አደጋው ጭኑ ላይ መድማት ነው። እዚህ ሆስፒታል ይህ ሲደረግለት እሱ ዘጠነኛው ነው።

«ሁለት ነገር አለ» አለች ሐኪሟ ወደ ሽቦ ዞራ። «አንደኛው፣ ሕመሙ ከጀመረ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነው የምንሠራው። ከዚያ ካለፈ ጥቅሙን አናውቀውም፣ መድማቱ ግን አይቀርም። ሰባት ሰዓት ላይ ነው ስላላችሁ ጊዜ አለን። ሁለተኛው ፊርማ ነው። ወንድምህ መድኃኒቱ አደንዝዟቸዋል፤ ፈርሙ ስንላቸው ሽቦ ይፈርም አሉ። ኦክስጅን የእሱ ነገር ነው፣ እሱ ካለ እሺ ነው አሉ። ሽቦ አንተ ነህ?»

ሽቦ ራሱን ነቀነቀ፣ የፊርማውን ወረቀት ግን አልተቀበላትም። ግራ ገባው። ግራ መግባት ራሱ ትንሽ ቃል ነው፤ እሱን የገባው ግራም ቀኝም ነው።

ከውስጡ ሁለት ፍርሃት ተነሥተው እንደ ሁለት ገመድ ተጠማዘዙበት። አንደኛው፣ የወንድሙ ደረት ላይ ያለው ቅባት ነው። የሚያቃጥል፣ የሚያንሸራትት፣ ራሱ በመዳፉ ያሸው ቅባት። አሁን በዚያ ደረት ውስጥ፣ በጋለ ልብ ላይ፣ ኦክስጅን ሊለቁበት ነው። ጠዋት ያሸው ቅባት እስካሁን ወደ ውስጥ ሰርጎ ልቡ ጋ ደርሶ እንደሆነ ማን ያውቃል? ዘይትና እሱ ክብሪት አይፈልጉም። ሁለተኛው ፍርሃት ሰዓቱ ነው። ቅባቱን ካነሣ መቼ ቀባኸው ትለዋለች። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሲቆጠር ዘጠኝ ይሆናል። አሁን ዘጠኝ ተኩል ነው። በጣቱ ቆጠረ። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ በሌላው እጁ ቆጠረ። በሁለቱም እጅ ያው ነው። ስለ ቅባቱ ዝም ካለ ወንድሙ ሊቃጠል ነው፤ ከተናገረ ወንድሙ ሕክምናው ሊያመልጠው ነው። አንዱን ገመድ ሲይዝ ሌላው ያንቀዋል።

እጄን ልታጠብ አለ። ሐኪሟ ለሦስት ደቂቃ ብላ ፈቀደችለት፤ ሰው ከመፈረሙ በፊት እጁን መታጠብ ሲፈልግ አይታ አታውቅም መሰለኝ፣ ገረማት።

ከመታጠቢያው ገንዳ ፊት ቆሞ በሳሙና ፈተገ። ሽታው አልለቀቀም። ጥፍሩ ሥር ገብቷል። ደግሞ ፈተገ። ቀና ሲል እትዬ በሩ ላይ ቆማ በመስታወቱ ውስጥ እያየችው ነው።

«ምን አድርገህ ነው?» አለችው።

ነገራት። ውሃው እየፈሰሰ፣ ሳሙናው እጁ ላይ እየደረቀ ሁሉንም ነገራት፤ ሦስት ሰዓቱን፣ ብረት ክምሩን፣ ቅባቱን፣ ዳቦውን። ፊቷ ላይ ቁጣ መጥቶ ተመለሰ፤ ቁጣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ የለም። ልብስ ሰፊ ናትና ነገርን ከየት እንደሚቀደድ ታውቃለች።

«ቅባቱን ንገራት፣ ሰዓቱን ተወው» አለችው። «ቅባቱ ቅባት ነው። ሰዓቱ ምን አገባው?»

ለሽቦም በዚያች ቅጽበት ትልቅ ብልሃት መሰለው። ሁለቱም ይድናሉ፤ እውነቱም ግማሹ ይነገራል፣ ወንድሙም ሙሉው ይተርፋል። ወጣና ሐኪሟ ፊት ቆመ። ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ የወንድሜ ደረት ላይ ዘይትነት ያለው ቅባት አለ፣ ኦክስጅን ደግሞ ከዘይት ጋር አይሆንም፣ እኛ ዘንድ ክልክል ነው አላት።

ሐኪሟ አልሳቀችም። እሷ ብትስቅ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

«መቼ ነው የተቀባው?» አለች።

ሽቦ እትዬን አየ። እትዬ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው ላይ አንድ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ገመዱ የላላ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ቢሰጡት ሽቦ ያስተካክለው ነበር። ቅድም ብሎ ጀመረ። ቅድም ማለት መቼ ነው ተባለ። ከመምጣታችን በፊት አለ። ከወደቀ በኋላ ነው ወይስ ከመውደቁ በፊት? ከመውደቁ በፊት አለ፣ በዚህ ጊዜ ግማሹ እውነት ሌላውን ግማሽ በእጁ ጎትቶ ይዞት ወጣ። ካልታመመ ለምን ደረቱን ቀባኸው? ሽቦ ከዚህ በላይ መሸሻ አልነበረውም፤ በስተኋላው ግድግዳ ነው።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረቱን ይዞ ቁጭ ብሎ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ የቀባሁት። ሰባት ሰዓት ያልኩት ስለፈራሁ ነው።»

እትዬ ሜትሯን ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለች።

ሐኪሟ ወረቀቱን አጠፈች። ተቆጥታ ቢሆን ሽቦ የት እንደቆመ ያውቅ ነበር፤ እሷ ግን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ስንት ደቂቃ ቆየበት? ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ከዚያስ?

«ሙሉ በሙሉ ለቋቸው ነበር?» አለች። «በደንብ አስብና ንገረኝ።»

ሽቦ የትኛው መልስ በሩን እንደሚከፍት፣ የትኛው እንደሚዘጋው ከፊቷ ላይ ፈለገ። ፊቷ ግድግዳ ነው። ለቆት ነበር ቢል ይሻላል? አልለቀቀውም ቢል ይሻላል? የትኛው ውሸት እንደሚጠቅም ስላላወቀ፣ ያየውን ብቻ ከመናገር በቀር ምንም አልቀረለትም።

«ለቀቀኝ አላለም» አለ። «አመመኝም አላለም። ተነሣ። ዳቦ በላ፣ የእኔንም በላ። አሥራ አንድ ብረት ቆረጠ። ከዚያ ሰደበኝ።»

«ምን ብለው?»

«ብየዳህ የዶሮ ኩስ ነው ብሎ።»

ሐኪሟ ይህን ጭምር ወረቀቷ ላይ ጻፈች፣ ወይም ለሽቦ እንደዚያ መሰለው። ስለ ቅባቱ አትጨነቅ፣ ነርሷ የልብ ምት ማንበቢያውን ልትለጥፍ ስትል አልጣበቅ ብሏት እየተራገመች በሳሙናም በአልኮልም ጠርጋዋለች አለችው። ፍርሃትህ የሞኝ ፍርሃት አይደለም፣ እኛም ኦክስጅን ጭምብል አጠገብ ቅባት አናስጠጋም። ይሄኛው ግን እንደ አየር አይነፋም፤ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ደም ውስጥ ሟሙቶ ነው የሚሄደው፣ የሚነድበት ቦታ የለውም። ሰዓቱን ግን ከእሳቸው ከራሳቸው ልጠይቅ ብላ ገባች።

እትዬና ሽቦ አግዳሚው ላይ ቀሩ። እትዬ በለሆሳስ፣ አንድ ቀን እንኳ ውሸት ብትችል ምን ነበረበት አለችው። ሽቦ የቻልኳት እኮ አንዷን ነው፣ እሷም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አልቆየችልኝም አላት። እትዬ ሳትፈልግ በአፍንጫዋ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ጠረገች። አንድ ዘበኛ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብቅ ብሎ ውጭ ግድግዳ ላይ የተደገፈው በር የማነው፣ አልጋ የሚገፉት ሰዎች አልተመቻቸውም ብሎ ጠየቀ።

ሐኪሟ ፈጥና ተመለሰች። ጠይቃዋለች። የጠዋቱ እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ እንግዳ ሄደ፣ የሰባት ሰዓቱ ግን መጥቶ አልሄደም ብሏል። የልቡም ምልክት፣ ወረቀት ላይ የተሳለው፣ ከዚህ ጋር ይሄዳል። መጥቶ የሚሄድ ሕመም ደም ሥሩ እየተዘጋ እየተከፈተ የነበረ መሆኑን ያሳያል፤ ስድስት ሰዓቱ የሚቆጠረው ሳይለቅ ከያዘበት ነው። ሰባት ሰዓት ማለት ነው። ጠዋት የጀመረው ሳይለቅ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ለሞተ ቦታ ኦክስጅን እየላክን በከንቱ እናደማቸው ነበር፤ ስለዚህ ነው የጠየቅኩህ አለችው።

ሽቦ ፈረመ። እጁ ስላልደረቀ ፊርማው ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ፣ የስሙም መጨረሻ ተበጠበጠ። ሐኪሟ ይነበባል አለች።

በበሩ ላይ ባለችው ክብ መስታወት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ያይ ነበር። የሚያየው ብዙ አይደለም፤ በጎማ እግር የሚሄድ ማሽን፣ ከጭን ወጥቶ ወደ ማሽኑ የሚገባ፣ ከማሽኑም የሚመለስ ቀይ ቱቦ፣ ሰማያዊ ጓንት ያደረገ ባለሙያ። ሲሊንደሩን ሲያይ ተገረመ። የክንድ ያህል ነች። ጥግ ላይ የሚያስፈራራው የብየዳ ቤቱ ግዙፍ እንዲህ ያለች ግልገል እንዳለችው አያውቅም ነበር። በቀበቶ ታስራለች። መታሰሯን አይቶ ትንሽ ተነፈሰ። የጋለ ብረት ላይ ሲለቁት ያየው ያ ሁሉ ብልጭታ እዚህ የለም፤ ፀጥ ያለ ቁጥር ብቻ በስክሪን ላይ ወደ ታች ይወርዳል። እንዴት አንድ ነገር ብረት ይበላል፣ ልብ ደግሞ ያበላል? አንጎሉ ይህን ሊያኝክ ሞከረ፣ አልላመለትም። አንዲት ነርስ ስትወጣ ፈገግ ብላ፣ ወንድምህ ባለሙያውን «እጅህን አሳየኝ፣ ቫልቭ ከመንካትህ በፊት» አሉት አለችው። ሰውየውም ጓንቱን ፊቱንም ጀርባውንም አሳያቸው። እሺ ቀጥል አሉት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ አልጋ ክፍል አወጡት። አንድ እግሩን እንዳያጥፍ ተነግሮት ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ፊቱ የአመድ መልክ አለው፣ ዓይኑ ግን የራሱ ነው። እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ሜትሯ እስካሁን አንገቷ ላይ ነው።

«አሁን ሁለት ሽቦ አለኝ» አለ ወንድም ጋሼ። «አንዱ ልቤ ውስጥ ነው፣ አይናገርም። ሁለተኛው ለሐኪም ሁሉን ይናገራል።»

ሽቦ ጎንበስ ብሎ ሳቀ። ቆይቶ ወንድም ጋሼ በጣቱ ጠጋ በል አለው፣ እትዬ እንዳትነቃ በዓይኑ አሳየው።

«የጠዋቷ» አለ በሹክሹክታ፣ «ሙሉ በሙሉ አልለቀቀችኝም ነበር። ጥቂት ነበረች። እንዲህ አውራ ጣት ደረትህ ላይ እንደሚያስቀምጡ ዓይነት።»

ሽቦ ቀና አለ። «ታዲያ ሄደች አላልካትም?»

«አንተ ሄደች ብለሃታል ብዬ ነዋ። ሁለት አፍ እንዳይሆንብን።»

«እኔ አላልኩም። ለቀቀኝም አመመኝም አላለም ነው ያልኩት።»

ወንድም ጋሼ ይህን ሲሰማ ግንባሩ ተሸበሸበ። እንዲህ ተሸብሽቦ የሚያውቀው ልክ የወሰደው ብረት አጥሮ ሲያገኘው ብቻ ነው። ወንድም ለወንድም አፍ ሊሞላ፣ ያልተባለውን ነገር ደግፎ ቆሟል፤ ሽቦም በበኩሉ ስንት አስቦ ሳይለው የተወው ቃል በሌላ በር ዞሮ ገብቷል። ማን ማንን እንዳዳነ፣ ማን ማንን እንዳሳሳተ ሁለቱም ቆጥረው መድረስ አቃታቸው።

«ተወው በቃ፣ አልፏል» አለ ወንድም ጋሼ።

ሽቦ ግን ተነሥቶ ወጣ። ለምን እንደወጣ በደንብ አያውቅም። ሕክምናው አልቋል፤ መናገሩ ማንንም ላይጠቅም ይችላል። ቀኑን ሙሉ ግማሽ ግማሹን ሲናገር ውሎ፣ የቀረችውን ቁራጭ ይዞ ማደር አልቻለም።

ሐኪሟን ኮሪደሩ ጫፍ መስኮት አጠገብ አገኛት። ከባዱን ሽርጥ አውልቃለች፤ ያለ እሱ ስትታይ የደከማት ተራ ሴት ናት፣ ቆማ ዳቦ ትበላለች። ነገራት። አውራ ጣቱን ሳይቀር በራሱ ደረት ላይ አሳያት። እሷ ማኘኳን አቆመች፣ ከዚያ ቀጠለች፣ ረጅም ጊዜ አኘከች።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ።

ሽቦ ሌላ መልስ ነበር የጠበቀው፤ ጥፊም ቢሆን።

«እውነቴን ነው» አለች። «ያቺ አውራ ጣት ከሥራው ብዛት የመጣ የጡንቻ ሕመም ልትሆን ትችላለች። ግማሽ የተዘጋ ደም ሥርም ልትሆን ትችላለች። ቀድሜ ብሰማ እሠራው ነበር ወይስ እተወው ነበር፣ እሱንም አላውቅም። አሁን ግን ጭናቸው አልደማም፣ ይሄ ጥሩ ነው።» ከኪሷ ወረቀት አውጥታ፣ ዳቦውን በጥርሷ ይዛ፣ የተናገረውን ጻፈች። ከአምስት ቀን በኋላ የልቡ ፎቶ ይነሣል አለችው። ከሥጋው ስንቱ እንደተረፈ እዚያ ላይ ይታያል። ኦክስጅኑ ነው ያተረፈው ወይስ ያለ ኦክስጅኑም ይተርፍ ነበር፣ ይሄን ግን ፎቶውም አይነግረንም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህቺኛዋ እውነት ግን ብታድርም ብትከርምም የምትጠራ አይመስልም ነበር። ይገርማል፣ ሽቦ ቀለለው። ቀኑን ሙሉ ግራ የገባው እሱ ብቻ መስሎት ነበር።

ወደ ውጭ ወጥቶ በሩን ከግድግዳው አላቀቀውና ዘበኛው ወዳሳየው ጥግ አዛወረው። ብቻውን ሲያነሣው ከበደው፤ ሁልጊዜ በሌላኛው ጫፍ ሰው አለ። የላይኛው ማጠፊያ ላይ ያለችውን ብየዳ በጣቱ ዳሰሳት። የራሱ ነች። እውነትም የዶሮ ኩስ ነች። ነገ ፍቆ ይደግማታል።

ሲመለስ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ዞረ። በሳሙና ታጠበ፣ አሸተተ፣ ደግሞ ታጠበ። አልጋ ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ወንድም ጋሼ ነቅቶ እየጠበቀው ነበር። ምን አለች ብሎ አልጠየቀውም። እጁን ዘርግቶ የሽቦን መዳፍ ያዘና ወደ መስኮቱ ብርሃን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ጀርባውንም አየው።

«ቅርብ ተቀመጥ» አለው።